ማብላያው ከመተከሉ በፊት መለኪያው ይተከል

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ ከሩሲያው የመንግሥት የኒውክሌር ድርጅት ከሮሳቶም ጋር ስለ ኒውክሌር ማመንጫ ሰነድ ከተፈረመ ወዲህ ወሬው ሁሉ ስለ ሜጋዋት፣ ስለ ብድርና ስለ ቦታው ሆኗል። ይሁን። እኔን ያሳሰበኝ ግን ከዚህ ሁሉ የሚረክስ፣ ከዚህ ሁሉ መቅደም ያለበት ነገር ነው። የጨረራ መለኪያ።

የኒውክሌር ማብላያ (ሪአክተር) የለንም ማለት ጨረራ የለም ማለት አይደለም። ከአፈሩም ከዓለቱም ከሰማዩም ይመጣል። በዓለም ላይ አንድ ሰው ከተፈጥሮ ብቻ በዓመት በአማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት (ሰው ያገኘው የጨረራ መጠን መለኪያ) ያገኛል፤ እንደ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ የሚኖር ሰው ደግሞ ከሰማይ የሚደርሰው በባሕር ጠረፍ ካለው ይበልጣል። ቁጥሩም አንድ ቦታ አይቆምም። ዝናብ ሲጥል ከራዶን (ከአፈር ከሚወጣው ጨረራ አመንጪ ጋዝ) የሚወለዱትን ብናኞች ከአየር አጥቦ መሬት ላይ ስለሚያወርዳቸው መለኪያው ድንገት ይዘላል፣ አንዳንዴም እጥፍ ይሆናል፣ ከዚያ የብናኞቹ ግማሽ ዕድሜ (ጨረራቸው በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ) ግማሽ ሰዓት እንኳ ስለማይሞላ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ወደ ቦታው ይመለሳል። አፈሩ ውኃ ሲጠግብ ደግሞ ከሥር የሚወጣው ይቀንሳል። እስቲ አስቡት፣ ማብላያው ሥራ በጀመረ በመጀመሪያው ሐምሌ አንዱ የመለኪያውን ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ላይ ቢለቀው! “ዝናቡ ነው” ብሎ ማን ያሳምናል? በምን ማስረጃ?

ስታትስቲክስ የሚያስፈልገው እዚህ ጋ ነው። በየሰዓቱና በየቀኑ የሚመዘገብ ቁጥርን ለመተንበይ አሪማ የሚባል የቆየ ሞዴል አለ። የዛሬውን ቁጥር ከትናንቱና ከትናንትናው የግምት ስህተት ተነስቶ ይገምታል። በጋና ክረምቱን መጨመር ይቻላል፣ ዝናቡንም እንደ ተጨማሪ መረጃ መስጠት ይቻላል። የቼርኖቤልን የማብላያ አደጋ ይተነብይ ነበር ወይ? በፍጹም። ማንም እንዲህ ብሎ ቢሸጥላችሁ አትግዙት። ጥቅሙ ነገ ጠዋት መታየት ያለበትን መጠን መንገሩ ነው፤ ጠብታ ዝናብ ሳይኖር የተለካው ከዚያ ራቅ ካለ፣ ያኔ ነው ደወሉ።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 28 ቀን 1986 ጠዋት በስዊድን የፎርስማርክ የኒውክሌር ጣቢያ አንድ ሠራተኛ በጨረራ መፈተሻው ሲያልፍ ማሽኑ ጮኸ፤ የሶቭየት መንግሥት ስለ ቼርኖቤል የተናገረው የዚያን ዕለት ማታ ነው። ስዊድኖቹ ቀድመው የነቁት የወትሮውን ያውቁ ስለነበር ነው። የጃፓኑ የፉኩሺማ የማብላያ አደጋም ሌላ ነገር አሳይቷል። ከማብላያው ካመለጡት ጨረራ አመንጪ ነገሮች ሲዚየም 134 በሁለት ዓመት፣ ሲዚየም 137 በ30 ዓመት ግማሽ ይሆናሉ፣ ስለዚህ ጨረራው በምን ፍጥነት እንደሚቀንስ በወረቀት ማስላት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ዝናቡ እያጠበው፣ ወደ አፈር እየሰረገ፣ ሰውም እየጠረገው ከስሌቱ በፈጠነ ሁኔታ ወረደ። ይህ የታወቀው በመለካት ነው።

ጀርመን ወደ 1,700 የሚጠጉ መለኪያዎች አሏት፣ ንባባቸውንም ማንም ሰው ማየት ይችላል። ያን ያህል አልጠየቅኩም። ግን ሞዴል ወቅትን የሚማረው ወቅቶችን ደጋግሞ ሲያይ ነው፣ በአንድና በሁለት ክረምት አይሆንም። ማብላያ ለመገንባት ብዙ ዓመት ይፈጃል፤ ዛሬ ከተጀመረ ያ ጊዜ ሁሉ የኛ ነው፣ ማብላያው ከቆመ በኋላ ግን “በፊት ስንት ነበር?” ለሚለው ጥያቄ መልስ በገንዘብም አይገኝም። (ባትሪውም አይረሳ። መብራት በሄደ ቁጥር መዝገቡ ከተቋረጠ ሞዴሉን ምን እናበላዋለን?)

ስለዚህ ጋዜጣችሁ የሚመለከታቸውን ባለሥልጣናት ሲያገኝ ስለ ሜጋዋቱ ብቻ ሳይሆን እነዚህንም ይጠይቅልን። ለማብላያው የታሰቡት ቦታዎች ዙሪያ መለካት መቼ ይጀመራል? የዝናቡስ መጠን አብሮ ይመዘገባል? ቁጥሩስ በየሰዓቱ ለሕዝብ ይከፈታል ወይስ ቢሮ ውስጥ ይቀራል?

አንድ የስታትስቲክስ መምህር
ከአዲስ አበባ