አፋቸውን መፍታት የጀመሩት ልጆቻችን ጣሪያ አጡ

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ የሰፈራችን ልጆች፣ ከደብረ ብርሃን ወጥታችሁ በሌላ ከተማና በውጭ ሀገር የምትኖሩ ወገኖቻችን፤

ይህ ሦስተኛ ጥሪያችን ነው። ግልጹን እንናገር፣ መለመን እኛንም ሰልችቶናል። እናንተም መስማቱ ሳይሰለቻችሁ አይቀርም። በሐምሌ የጣለው በረዶ ግን የማንንም ድካም አላየም። ከእድሩ አዳራሽ ጀርባ ያለችውን ክፍል ቆርቆሮ ከነሞራሌው ይዞት ወረደ። ደግነቱ ሌሊት ነበር፣ ልጆቹ አልነበሩም። ተመስገን።

ክፍሏን ታውቋታላችሁ። ድሮ ድንኳንና ወንበር የምናስቀምጥባት ናት። ላለፉት 4 ዓመታት ግን አፋቸውን መፍታት የዘገየባቸው፣ የሚኮላተፉና የሚንተባተቡ ሕፃናት ሲረዱባት ቆይተዋል። በ6 ልጆች ጀመርን። ሰኔ ላይ 23 ደርሰው ነበር።

እነዚህ ልጆች ቀድሞ የት ነበሩ? ቤት ውስጥ። «ወንድ ልጅ ነው፣ ይዘገያል»፣ «አባቱም እንዲሁ ነበር» እየተባለ ዓመት ይቆጠርባቸው ነበር። እንጥላቸውን የተቆረጡም አሉ። ያስቆረጠ ወላጅ ለልጁ አስቦ ነውና አንፈርድበትም። ግን እንጥል መቁረጥ ልጅን አያናግርም፤ ያደማዋል፣ ያመረቅዝበታል እንጂ። እኛ ማንኛውም ልጅ ሲመጣ መጀመሪያ ጆሮውን አስመርምሩ ነው የምንለው። ያልሰማውን ከየት አምጥቶ ይናገራል? ከ23ቱ የ4ቱ ነገር ከጆሮ ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኝቷል። አንዷ ለወራት ጆሮዋ መግል ሲያፈስ «ጥርስ ልታበቅል ነው» ተብሎ ታልፎ ነበር።

ሌላው ልጃችን ላንቃው ተሰንጥቆ ነው የተወለደው። አዲስ አበባ የካቲት 12 ሆስፒታል ተሰፍቶለት ተመለሰ። ቤተሰቡ በቃ ዳነ ብሎ ደስ አለው። ድምፁ ግን አሁንም በአፍንጫው ይወጣ ነበር። ስፌቱ ቀዳዳውን ይዘጋል፤ ምላስና ላንቃ አዲሱን ሥራ እንዲለምዱ ደግሞ ልምምድ ይፈልጋል። «ፓፓ» ብሎ ከንፈሩ ላይ ያለውን ላባ በትንፋሹ ያበረረ ቀን እናቱ ከእኛ ጋር አልቅሳለች።

አሁን ወደ ገንዘቡ። «ያ ሁሉ ብር የት ገባ?» የሚል ወሬ እንዳለ ሰምተናል። መጠየቃችሁ ልክ ነው፣ ስለዚህ እንመልስ።

በጣም ያስወቀሰን ለክፍሏ ያስገባነው ኮርኒስና መስታወት ነው። «ፀጉር ቤት ልትከፍቱ ነው እንዴ?» ያላችሁንም አንረሳም። ልጁ ከንግግር ሕክምና ባለሙያዋ ጎን ተቀምጦ የእሷንና የራሱን አፍ አብሮ የሚያየው በዚያ መስታወት ነው። «ራዲዮ»ን «ላዲዮ» የሚል ልጅ ምላሱ የት እንዳለ ሳያይ በቃል ብቻ አይታረምም። ኮርኒሱ ደግሞ ለጌጥ አይደለም። የደብረ ብርሃን ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ አዋቂም አይደማመጥም። «ሰ» እና «ሸ»ን ለይቶ መስማት የሚቸግረው ልጅማ ምን ይሰማል? ግድግዳው ላይ የሰቀልናቸው የከተማችን ፋብሪካ ብርድ ልብሶችም ለዚሁ ነበሩ፣ ድምፅ እንዳያስተጋባ። አሁን በስብሰዋል። መስታወቱ ተርፏል፣ እናንተ ሳቁ።

የቀረው የባለሙያዋ ትራንስፖርት ነው። የንግግርና ቋንቋ ሕክምና ባለሙያ በሀገራችን ጥቂት ነው፣ ትምህርቱ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መሰጠት ከጀመረም ገና ብዙ አልቆየም። እሷ በየ15 ቀኑ 130 ኪሎ ሜትር አቋርጣ ትመጣለች። የምንከፍላት የመኪናውንና የምሳዋን ብቻ ነው። በመሃል ያሉትን ቀናት እሷ ያሠለጠነቻቸው ሁለት እናቶችና አንዲት የመዋዕለ ሕፃናት መምህር ይሸፍናሉ፣ ያለ ሳንቲም። ኦዲቱ አዳራሹ በር ላይ ተለጥፏል፤ ዝናብ ያጠበውን በአዲስ ተክተናል።

በአዲስ አበባ ለኦቲዝም ልጆች በር የከፈቱት ወይዘሮ ዘሚ የኑስም የተነሡት በራሳቸው ልጅ ምክንያት ነበር። እኛም ያው እናትና አባት ነን፣ ሌላ የተለየ ነገር የለንም።

ሙሴ ኮልታፋ እንደነበር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያውቃል። ወንድሙ አጠገቡ ቆሞ አፍ ሆነለት። እድራችን የሁለቱም ነውና ይህን ማንሣታችን አይከፋም።

የሚያስፈልገን 240,000 ብር ነው፤ ለቆርቆሮ፣ ለሞራሌ፣ ለኮርኒስና ለሠራተኛ። እስከ አሁን 91,500 ብር ገብቷል። ከነሐሴ አጋማሽ ወዲህ ግን ቀጥ ብሏል። ከተማችን የተፈናቀሉ ወገኖቿን ተሸክማለች፣ ኪስ እንደሳሳ እናውቃለን። ቢሆንም የሦስት ዓመት ልጅ ሦስት ዓመቱ ላይ አይቆይልንም። ልጆቹ አሁን በአንዲት እናት ሳሎን ተራ በተራ 20 ደቂቃ ይገባሉ። ከከተማው ዳር የሚመጡት 9ኙ መምጣት አቁመዋል።

ክፍያው በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ወይም በቴሌብር ነው። የሒሳብ ቁጥሩን እዚህ ያልጻፍነው ባለፈው ጊዜ አንድ ሰው ቁጥሩን ቀይሮ ስላሰራጨው ነው። ትክክለኛው በእድር ደብተራችሁ የኋላ ሽፋን ላይ የታተመው ብቻ ነው። ሒሳቡ በሦስት ሰው ፊርማ ይንቀሳቀሳል፤ ከሦስቱ አንዷ ከልጆቹ የአንዱ እናት ናት። ውጭ ያላችሁ ቤተሰባችሁ ጋ ደውላችሁ ከደብተሩ ላይ አስነብቡ። በስልክ ደውሎ «ቁጥሩ ተቀይሯል» የሚላችሁን አትመኑ፣ እኛ አይደለንም።

ብር የሌላችሁ ጉልበት አላችሁ። አናጢዎች፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት አዳራሹ ጋ እንጠብቃችኋለን። ሁለት ዓመት ሞልቶት «እማ ነይ» ብሎ ሁለት ቃል ማያያዝ ያልጀመረ ልጅ ያላችሁም፣ ጣሪያ የለም ብላችሁ አትቅሩ፤ ይዛችሁት ኑ፣ እንመዘግበዋለን።

አሁንም እንድገመው፦ ቁጥሩ የእድር ደብተሩ የኋላ ሽፋን ላይ ያለው ነው። ያስገባችሁበትን ማስረጃ ለጸሐፊው አሳዩ፣ ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ሳትቀበሉ እንዳትሄዱ።

የወላጆች ኮሚቴ