ለሐረር ተጓዦች፦ ስለ ቤቱና ስለ ገበታው

ውድ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

የመኪናውና የማደሪያው ነገር አልቋል፤ ዛሬ የምጽፈው ስለ ቤቶቹ ነው። በግንብ የታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ፣ ጀጎል፣ በዩኔስኮ የተመዘገበው በ1998 ዓ.ም. ነው። ብዙ ጎብኚ ግን በሮቹንና ግንቡን ፎቶ አንስቶ ይመለሳል። ከዚያ ይልቅ አንድ የቆየ የሐረሪ ቤት ገብቶ መቀመጥ ይሻላል ባይ ነኝ።

ከውጭ የሚታየው ነጭ ግድግዳ ብቻ ነው። ጫማ አውልቃችሁ ስትገቡ ግን ደረጃ በደረጃ ከፍ ያሉ መደቦች፣ ማለትም ነደባዎች፣ ምንጣፍ ለብሰው ታገኛላችሁ። አሚር ነደባ የቤቱ ባለቤት በሩን እያየ የሚቀመጥበት ስለሆነ፣ ካልተጋበዛችሁ ዘው ብላችሁ አትቀመጡበት። በግድግዳው ላይ ቀለመ ብዙ ሰፌዶችና ሳህኖች ተሰድረዋል፤ ከበሩ በላይ ደግሞ የተጠቀለለ ምንጣፍ ካያችሁ፣ ለትዳር የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው ይባላል። (ላጤዎቻችን ዐይናችሁን ሰብሰብ!)

ወደ ምግቡ ስንመጣ፣ ቁርስ ሆቴል አትብሉ። እንቁላል ውስጡ ታጥፎ በምጣድ የሚጠበሰውን ፈጢራ ከማር ጋር ትኩሱን ብሉ። ከቡና ቅጠል የሚፈላውን ቁጢም በወተት ቅመሱ፤ ቡናው ራሱ ዓለም ያወቀው ስለሆነ እኔ አላወድሰውም። ጣፋጭ ለሚወድ ሙሸበክ አለ።

ሰው ፎቶ ስታነሱ አስፈቅዱ። የምትቀሩ ካላችሁ እስከ ሐሙስ አሳውቁኝ።