ያ ልጅ ከየትም አልመጣም

ክቡር አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት ሁለት ፖሊሶች አብረው ስለሚሠሩባቸው አክሽን ኮሜዲ ፊልሞች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤ ተናድጃለሁ። ንዴቴ እስካሁን አልበረደም። ጸሐፊው እ.ኤ.አ. በ2024 ስለወጣው አራተኛው «ባድ ቦይስ» ሲያወራ፣ ከሁለቱ ዋና ፖሊሶች የአንዱን፣ የማርከስን ቤተሰብ ከታጠቁ ገዳዮች ያዳነውን ወጣት «ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ወታደር» ይለዋል። ይህንኑ ይዞም ይደመድማል፤ ክፍል ሁለት፣ ክፍል ሦስት እያሉ መቀጠል ማለት ፍንዳታ መጨመር ነው፣ ተመልካቹም ከዚያ ሌላ አይፈልግም ይላል።

ከየት እንደመጣማ በደንብ ይታወቃል! ስሙ ሬጂ ነው። በ2003 በወጣው ሁለተኛው ፊልም የማርከስን ሴት ልጅ ሊጋብዝ መጥቶ በር ያንኳኳው ታዳጊ ነው። ማርከስ በሩን ከፍቶ እንደ ተጠርጣሪ ያፋጥጠዋል። ልጁ 15 ዓመቴ ነው ቢል ማን ሊያምነው? የሥራ አጋሩ ማይክ ደግሞ ገና ከእስር ቤት የወጣ ሰካራም መስሎ፣ ሽጉጥ ይዞ ከኋላ ብቅ ይላል። ልጁ መግቢያ አጥቶ ደርቆ ቀረ። አንድም መኪና አልተገለበጠም፣ አንድም ጥይት አልተተኮሰም። ሁለት ጎልማሶችና አንድ የፈራ ልጅ ብቻ።

በ2020 በወጣው ሦስተኛው ፊልም ይኸው ልጅ ለማርከስ አማች ሆነ፤ ማርከስንም አያት አደረገው። አማትየው ግን አሁንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። በአራተኛው ፊልም ቤቱ ሲወረር፣ ያ በር ላይ የደነገጠው ልጅ ወራሪዎቹን አንድ በአንድ ያነጥፋቸዋል። ማርከስና ማይክ በጥበቃ ካሜራ ከሩቅ ያዩታል። ሚናውን በሦስቱም ፊልሞች የተጫወተው ዴኒስ ግሪን ነው። ሰው ሳይቀየር፣ ከ20 ዓመት በላይ ተጠብቆ የመጣ ቀን ነው። እኛ እዚያች ቦታ ላይ የጮኽነው ለጥይቱ መሰላችሁ? ጥይትማ በየፊልሙ ሞልቷል።

ጸሐፊያችሁ ያልገባው ይህ ነው። የመጀመሪያው ፊልም ሥራው ቀላል ነው። ሁለት የማይተዋወቁ ፖሊሶችን አንድ መኪና ውስጥ ታስገባቸዋለህ፣ ይጣላሉ፣ መጨረሻ ላይ ይዋደዳሉ። ክፍል ሁለት ሲመጣ ግን ይህ አልቋል። ተዋውቀዋል፣ አንዱ ለሌላው ነፍሱን ሰጥቷል። ሰነፍ ደራሲ ታዲያ እንደ አዲስ ያጣላቸዋል። ጎበዙ ደግሞ መተዋወቃቸውን ራሱን ጨዋታ ያደርገዋል።

በ1989 የወጣውን «ሌታል ዌፐን 2» አስታውሱ። ዳኒ ግሎቨር የሚጫወተው መርታፍ ሽንት ቤት ተቀምጧል። ከሥሩ ቦምብ ተጠምዷል፣ ከተነሳ ይፈነዳል። እግሩ ደንዝዟል። ነገሩ በዝምታ እንዲያልቅለት ቢለምንም የፖሊስ መኪናውና የእሳት አደጋው ሁሉ ደጁን ይሞላዋል። ሜል ጊብሰን የሚጫወተው ሪግስ ግን ውጣ ቢባልም አይወጣም። አጠገቡ ይቀመጣል፣ ያወራዋል፣ እጁን ይዞት አብረው ገንዳው ውስጥ ይዘላሉ። በእርግጥ ቦምቡ ይፈነዳል። እኛ ግን የምናስታውሰው ከፍንዳታው በፊት የነበሩትን ደቂቃዎች ነው። እየሳቅን ጉሮሯችን የሚተናነቀን እዚያ ነው። ይህ ትዕይንት በመጀመሪያው ፊልም ላይ ቢገባ ኖሮ አይሠራም ነበር፤ ሪግስ ያኔ ለሞት ግድ የማይሰጠው ሰው ነበርና አጠገቡ መቆየቱ ምንም አይነግረንም።

«ራሽ አወር 2»ም እንዲሁ ነው። በመጀመሪያው ጃኪ ቻን ሎስ አንጀለስ ላይ እንግዳ ነበር። በሁለተኛው፣ በ2001፣ ክሪስ ተከር ሆንግ ኮንግ ላይ እንግዳ ይሆናል። ያኔ ያሾፍ የነበረው አሁን ግራ የሚጋባው እሱ ሆነ። በቃ፣ ቦታ መለዋወጥ ብቻ አዲስ ፊልም ሰጠን። በተቃራኒው በ1994 የወጣው ሦስተኛው «ቤቨርሊ ሂልስ ኮፕ» ኤዲ መርፊ አለው፣ ተኩስ አለው፣ የፖሊስ ጓደኛው ታጋርት ግን የለበትም። ለእኔ ፊልሙ የሞተው እዚያው ነው። በ2024 አራተኛውን ሲሠሩ ታጋርትን መመለሳቸው ያለ ምክንያት ይመስላችኋል?

ስለ በጀትም እንነጋገር፣ ጸሐፊው በጣም ስለወደደው። የመጀመሪያው «ባድ ቦይስ» ወደ 19 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጣበት፣ ሁለተኛው ደግሞ ወደ 130 ሚሊዮን። ትልቅ ገንዘብ ትልቅ የመኪና ማባረር ያመጣል፤ ያ ማባረር ያምራል፣ አልክድም። ግን ከዚያ ሁሉ ገንዘብ መሀል ተመርጦ 21 ዓመት የተሻገረው ምንድን ነው? አንድ በር ላይ የቆመ ልጅ።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ሰልችቶኝ ነው። እነዚህን ፊልሞች እወዳለሁ ባልኩ ቁጥር «ለጊዜ ማሳለፊያ ነው አይደል?» የሚል አይጠፋም። አንድ ጊዜ ስለ ተከታይ ፊልሞች ጽፌ ለአንድ መጽሔት ብልክ፣ እንዲህ ያለው ፊልም ትንታኔ አያስፈልገውም ተብዬ ተመለሰልኝ። እሺ አልኩ። ከዚያ የእናንተ ጸሐፊ አንዱን ክፍል ብቻ አይቶ ስለ ሁሉም ሲፈርድ፣ ለእሱ ሙሉ ገጽ ተገኘለት! ከ2003 እስከ 2020 ድረስ ሦስተኛውን የጠበቅን ሰዎች አለን። ስንቱን ትንሽ ሚና በስሙ እናውቃለን። በጽሑፉ ውስጥ ግን ፍንዳታ ሲያይ የሚያጨበጭብ መንጋ ተደርገናል። ይህ ስድብ ነው።

«የማይታወቅ ወታደር» የሚለው በስሙ ይታረም። ወደፊት ስለ ክፍል አራት የምታስጽፉ ከሆነ ደግሞ፣ ክፍል አንድን፣ ሁለትንና ሦስትን ያየ ሰው መድቡ። ከእኛ መሀል ፈቃደኛ የሚሆን ሞልቷል።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ