ከጠበሉ ጋር መድኃኒቱም ይቀጥል

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ጾመ ፍልሰታ ሊገባ ነው። በነሐሴ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ብዙ ቤተሰብ የአእምሮ ሕመምተኛውን ይዞ ወደ እንጦጦ፣ ወደ ሽንቁሩ ሚካኤል፣ ወደ ጻድቃኔ ማርያም፣ ወደ ወንቅሸት ገብርኤል ለሱባኤ ይሄዳል። ሕመምተኛው በእነዚህ ቦታዎች የሚያገኘውን ነገር ሆስፒታል ሊሰጠው አይችልም። ሰፈር የሸሸው፣ ዘመድ የደበቀው ሰው እዚያ በክርስትና ስሙ ይጠራል፤ ከሌላው ጋር ይሰለፋል፤ ከሰው ጋር ይቆርሳል፤ «እግዚአብሔር ይማርህ» የሚለው አያጣም። ከአእምሮ ሕመም ለሚያገግም ሰው ይህ ከክኒን የማያንስ ነገር ነው። የምጽፈው ጠበሉን አክብሬ፣ እዚያው ጠበል ቦታ ላይ ሊታረም ስለሚችል አንድ ጉዳት ነው፤ እሱም መድኃኒት ማቋረጥ ነው።

ነገሩ የሚሆነው እንዲህ ነው። ቤተሰቡ «ሁለቱ አብረው አይሄዱም» ተብሎ፣ ወይም ማንም ሳይለው ራሱ ፈርቶ፣ ክኒኑን ቤት ትቶ ይመጣል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሕመምተኛው የተሻለው ይመስላል። የመድኃኒቱ የጎንዮሽ ጉዳት የነበሩት ድንዛዜ፣ የእጅ መንቀጥቀጥና የሰውነት መገተር ይለቁታል፤ ፊቱም ይፈታል። ሁሉም «ዳነ» ይላል። እንደ ስኪዞፍሬኒያ ያለ ሕመም ግን ክኒኑ በቆመ ማግስት አያገረሽም፤ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይቆያል። ባገረሸ ጊዜ ማንም ከቀረው ክኒን ጋር አያይዘውም። እምነቱ ጎድሎ ነው፣ ያልተናዘዘው ኃጢአት አለ ይባላል፤ ያ ሰው በሕመሙ ላይ የበደለኛነት ሸክም ይጨመርበታል። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው።

የሚጥል በሽታ ደግሞ ያን ያህል ጊዜ አይሰጥም። ፊኖባርቢታል የሚወስድ ሰው በድንገት ካቆመ በቀናት ውስጥ ተደጋጋሚ፣ የማያባራ መጣል ሊነሳበት ይችላል። ጠበል ቦታ ላይ ይህ «መንፈሱ እየለቀቀው ነው» ተብሎ ይታለፋል፤ አፉ ላይ ጠበል የሚያፈስም አለ። ራሱን የሳተ ሰው መዋጥ ስለማይችል ውኃው ወደ ሳንባው ይገባል። የሚጥለውን ሰው በጎኑ ማስተኛት፣ ከራሱ ሥር ነጠላ ወይም ጋቢ አጥፎ ማድረግ፣ ከውኃውና ከድንጋዩ ማራቅ፣ ሰዓት መያዝ ነው። አፉ ውስጥ ማንኪያም ጠበልም አይገባም። ክብሪት ማሽተት አይጠቅምም። ለሃጩ በሽታውን አያስተላልፍም፤ ሳይፈሩ መንካት ይቻላል። መንፈራገጡ ከ5 ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ሳይነቃ ከደገመው፣ ጸሎቱ መኪና ውስጥ ይቀጥል፤ ሰውየው ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት።

በሃይማኖት በኩል ጥያቄው አዲስ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል እንደማይጣሉ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑ በይፋ ተናግረዋል። ከ81ዱ አንዱ የሆነው መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ መድኃኒትን ከምድር ያስገኘ እግዚአብሔር ነው ይላል። ለንጉሥ ሕዝቅያስም ከጸሎቱ ጋር የበለስ ጥፍጥፍ ታዞለታል።

የሚያስቸግረው ይልቅ ሰዓቱ ነው። ጠበል በጠዋት በባዶ ሆድ ይጠጣል፤ ጾሙ ቢያንስ እስከ 9 ሰዓት ይዘልቃል። እንደ ሃሎፔሪዶል፣ ሪስፔሪዶን፣ ኦላንዛፒንና ፊኖባርቢታል ያሉትን ግን ለብዙ ሕመምተኛ በቀን አንድ ጊዜ፣ ማታ እንዲወሰዱ ማድረግ ይቻላል። ይህን የሚያስተካክለው መድኃኒቱን ያዘዘው ባለሙያ ነው። ስለዚህ ከጉዞው አንድ ሳምንት ቀድሞ ሄዶ ሱባኤ እንደሚገቡ መንገር፣ ለቆይታው የሚበቃና የሁለት ሳምንት መጠባበቂያ ያለው መድኃኒት መቀበል ይገባል። ካርባማዜፒንና ቫልፕሮይክ አሲድ ብዙውን ጊዜ በቀን ሁለቴ ስለሚወሰዱ የጠዋቷን ክኒን በተመለከተ የንስሐ አባትን አስቀድሞ ማማከር ነው፤ የታመመ ሰው ከጾም እንደሚፈታ ካህናቱ ያውቃሉ። ክኒን አልውጥም ለሚል ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ በየአራት ሳምንቱ የሚሰጠው የፍሉፌናዚን መርፌ አለ፤ ከሱባኤው በፊት ከተወጋ የሰዓት ጭቅጭቁ ይቀራል።

ስሜት ከልክ በላይ ለሚዋዥቅበት የአእምሮ ሕመም የሚሰጠውን ሊቲየም የሚወስድ ሰው ለብቻው ይታይ። ብዙ ጠበል ጠጥቶ ማስመለስና ማስቀመጥ እንደ መንጻት ይቆጠራል፤ ሰውነት ሲደርቅ ግን ሊቲየም በደም ውስጥ ተጠራቅሞ ወደ መርዝነት ይለወጣል። እጁ በኃይል ከተንቀጠቀጠ፣ አረማመዱ ከተንገዳገደ፣ አንደበቱ ከተሳሰረ ቀጣዩን ክኒን ሳይወስድ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መድረስ አለበት።

ሰበካ ጉባኤው ምን ያድርግ? ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ጠበልተኛው ሲመዘገብ ሦስት ነገር ይጠየቅ፦ የምትወስደው መድኃኒት አለ ወይ፣ ለስንት ቀን የሚሆን ይዘሃል፣ የት ነው የምትታከመው። ቁልፍ ያለው ሣጥን ይዘጋጅ፤ የእያንዳንዱ መድኃኒት ከነማሸጊያው ስሙ ተጽፎበት ይቀመጥ። ክኒን ከማሸጊያው ወጥቶ በፌስታል ከተቋጠረ የማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ይቀያየራልም። በአቅራቢያው ካለው ጤና ጣቢያ የአእምሮ ጤና ሥልጠና የወሰደ ነርስ በሳምንት አንድ ቀን እንዲመጣ በደብዳቤ ይጠየቅ። ነርሱም ከሁሉ በፊት አጥማቂውን አባት ያነጋግር፤ ያለ እሳቸው የተጀመረ ሥራ አይዘልቅም። ጠበሉን የሚያንኳስስ ባለሙያ ከተላከ ደግሞ ቤተሰቡ በማግስቱ ሕመምተኛውን ይደብቀዋል። ከሁሉም በላይ ግን አባታችን በዐውደ ምሕረት «መድኃኒት ያላችሁ አታቋርጡ፣ በጠበሉ ዋጡት» ቢሉ፣ እኛ ባለሙያዎች ዓመት ሙሉ ከምንመክረው ይልቅ ይሰማል።

ስለ ሰንሰለትም ልበል። ቤተሰብ የሚያስረው ጨክኖ አይደለም፤ አንድ አስታማሚ ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ ሊጠብቅ ስለማይችል፣ ሕመምተኛው ጨለማ ውስጥ እንዳይጠፋበት ነው። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ሁለት ሁለት ሆነው ሌሊቱን በፈረቃ ቢጠብቁ፣ መድኃኒቱም ካልተቋረጠ፣ ብዙዎቹ መታሰር አያስፈልጋቸውም። እስኪፈታ ድረስ ግን ቁርጭምጭሚቱ በየቀኑ ይታይ፤ ብረቱ የላጠው ቆዳ ያመረቅዛል።

በመስጊድ ሩቅያ የሚደረግላቸው፣ በጸሎት ቤቶች የሚጸለይላቸው ሕመምተኞችም ችግራቸው ይኸው ስለሆነ ኡስታዞቹና መጋቢዎቹ ይህንኑ ሊያደርጉ ይችላሉ።

ሱባኤው ሲያበቃ የሚረሳ አንድ ነገር አለ። ሰዎች ከመጡበት ጤና ጣቢያ ርቀው ስለሚቆዩ የቀጠሮ ቀናቸው ያልፋል፤ ያለፈበት ሰው ደግሞ ቁጣ ፈርቶ ሳይመለስ ይቀራል። ስለዚህ ጠበልተኛው ሲሰናበት መዝገብ ላይ ያለው ልጅ የቀጠሮ ካርዱን አይቶ፣ ቀኑ ካለፈ «በሱባኤ ላይ ነበር» የሚል የደብሩ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይስጠው።

ከአክብሮት ጋር፣
የአእምሮ ሕክምና ነርስ፣ አዲስ አበባ