ዓይንን ከሩቅ ለሚያነብ ካሜራ ገደብ ይበጅለት

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ለፋይዳ መታወቂያ የተመዘገበ ሰው አይሪሱን፣ ማለትም በዓይኑ ብሌን ዙሪያ ያለውን ባለ ቀለም ክብ ክፍል ምስል፣ እንዴት እንደሰጠ ያስታውሳል። መዝጋቢዋ መሣሪያውን ወደ ዓይን አስጠግታ «በደንብ ይክፈቱ» ትላለች፤ የዓይናቸው ቆብ የወረደባቸው አዛውንት በጣታቸው ደግፈው ይይዙታል። ሰው የሚሰጠውን አውቆ ይሰጣል፤ ካልፈለገም ፊቱን ማዞር ይችላል። እኔም በዚሁ መንገድ ሰጥቻለሁ፤ አልጸጸትም። በእርሻና በግንባታ ሥራ ጣቱ ተፍቆ አሻራው አልነበብ ላለ ወገን አይሪስ ትልቅ መፍትሔ ነው።

የሚያሳስበኝ መሣሪያው ከዓይን እየራቀ መሄዱ ነው። በአሜሪካ የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አይሪስን እስከ 12 ሜትር ድረስ የሚያነብ ካሜራ ከሠሩ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ መኪና ውስጥ የተቀመጠን ሰው እንኳ በመኪናው የጎን መመልከቻ መስታወት (ስፖኪዮ) ላይ ከሚታየው ነጸብራቅ ለይተዋል። ጥቁር ዓይንም ከዚህ አያመልጥም። ካሜራው የሚጠቀምበት ኢንፍራሬድ ብርሃን ለእኛ አይታየን እንጂ፣ በተራ ብርሃን የተሰወሩትን የጥቁር አይሪስ መስመሮች አጉልቶ ያወጣቸዋል።

በገልፍ የሠሩ ወገኖቻችን የዚህን ቴክኖሎጂ ጉልበት ቀድመው አይተዋል። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ከአገር የምታስወጣቸውን ሰዎች አይሪስ ትመዘግባለች፤ ስሙን ቀይሮ በአዲስ ፓስፖርት የተመለሰ ሰው መግቢያው ላይ ይያዛል። እዚያም ቢሆን ግን ተጓዡ መመርመሩን ያውቃል። በመንገድ ላይ ከሩቅ የሚነበበው ሰው ግን አያውቅም።

ስርቆቱ ደግሞ የባሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በጀርመን የኬኦስ ኮምፒውተር ክለብ የተባለው የኮምፒውተር ጠላፊዎች (ሃከሮች) ማኅበር አባላት በጥቂት ሜትሮች ርቀት ያነሡትን የዓይን ፎቶግራፍ አትመው፣ የመነጽር ምትክ የሆነውን የዓይን ሌንስ ከላዩ ላይ አስቀምጠው በባለቤቱ አይሪስ የሚከፈተውን የሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ 8 ስልክ ከፍተዋል። የይለፍ ቃል የተሰረቀበት ሰው በማግስቱ ይቀይረዋል። ዓይኑ የተቀዳበት ሰውስ ምን ይቀይራል? የባንክ ሒሳባችን ሳይቀር ከፋይዳ ጋር እየተሳሰረ ባለበት በዚህ ወቅት ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም።

«ወንጀለኛ ለመያዝ ይጠቅማል» የሚሉ አሉ። ይጠቅም ይሆናል። ነገር ግን ካሜራው አንዱን ተፈላጊ ለመለየት በዚያ የሚያልፈውን ሁሉ፣ ተማሪውንም ነጋዴውንም ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድ የሚመለሰውንም ማንበብ አለበት። ይህን ያህል ሥልጣን ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ ለማንም ሊሰጥ አይገባም።

ስለዚህ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ለማስፈጸም በሚወጡ መመሪያዎች ውስጥ፣ ባለቤቱ ሳያውቅ አይሪስን ከርቀት ማንበብ በግልጽ እንዲከለከል፣ ለፋይዳ የሰጠነው አይሪስም ከመንገድ ካሜራ ምስል ጋር እንዳይመሳከር እንዲደነገግ የሚመለከታቸውን አካላት እጠይቃለሁ። ካሜራዎቹ ተገዝተው ከተተከሉ በኋላ ማስነሣቱ ከባድ ነውና፣ ድንጋጌው ከግዥው ይቅደም።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ