ዳኛ ሕግ አያውጣ፤ ለእኛ በሚመቸን ቀንም ቢሆን

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ስለ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ወግ አጥባቂዎች ፍርድ ቤቱን በእጃቸው አስገብተዋል፣ ከእንግዲህ የፈለጉትን ያስወስናሉ ይላል። እኔም ወግ አጥባቂ ነኝ። ዜግነት አግኝቼ መምረጥ ከጀመርኩ ወዲህ ድምፄን የሰጠሁት በአብዛኛው ለሪፐብሊካኖች ነው። ግን ፍርድ ቤቱ የኔን ፍላጎት እንዲያስፈጽምልኝ ፈልጌ አይደለም። ዳኛ ሕግ ያንብብ እንጂ ሕግ አያውጣ ነው የምለው። ለእኛ በሚመቸን ቀንም ይኸው ነው፤ እዚህ ላይ ከራሴ ወገኖች ጋር ሳይቀር እንጣላለን።

እ.ኤ.አ. በ1973 ፍርድ ቤቱ «ሮ ቪ ዌድ» በሚባለው መዝገብ ፅንስ ማቋረጥ ሕገ መንግሥታዊ መብት ነው ብሎ 7 ለ 2 ወሰነ። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ። ከሰባቱ ዳኞች አምስቱን የሾሟቸው ሪፐብሊካን ፕሬዚዳንቶች ነበሩ። ከተቃወሙት ከሁለቱ አንዱ፣ ባይረን ዋይት፣ የኬኔዲ ሹመት ነበር። ስለዚህ ያኔ ነገሩ የፓርቲ አልነበረም። ጥያቄው «ማን ይወስን?» ነው። ሕገ መንግሥቱ ውስጥ ስለ ፅንስ ማቋረጥ የተጻፈ ቃል የለም። እንዲህ የሰውን ሕሊና የሚነካ ጉዳይ፣ ሕዝብ ያልመረጣቸውና ዕድሜ ልክ የተሾሙ ዘጠኝ ሰዎች ለሃምሳውም ግዛት በአንድ ጊዜ ሲቆርጡት፣ ተራው ሰው የሚከራከርበት መድረክ ተወሰደበት። ክርክሩ ግን አልቆመም፤ ወደ ዳኞች ሹመት ዞረ። በ1987 ለፍርድ ቤቱ የታጨው ሮበርት ቦርክ በሴኔት 58 ለ 42 ወደቀ። በ2018 ብሬት ካቫና 50 ለ 48 በጭንቅ አለፈ። ዳኛ ሕግ አውጪ ከሆነ፣ ሹመቱ እንደ ምርጫ ዘመቻ ቢሆን ምን ይገርማል?

በ2022 ፍርድ ቤቱ በዶብስ መዝገብ ያንን ውሳኔ ሻረው። ጽሑፋችሁ ይህን «ፅንስ ማቋረጥ በመላው አገር ተከለከለ» በሚመስል መንገድ ነው ያቀረበው። ልክ አይደለም። የተባለው ጉዳዩ ወደ ሕዝቡና ወደ ተመራጮቹ ይመለስ ነው። ተመለሰም። እዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ካንሳስ፣ ያቺ ሪፐብሊካን ግዛት፣ ሕገ መንግሥቷ የፅንስ ማቋረጥ መብት አይሰጥም የሚለውን ማሻሻያ በሕዝብ ድምፅ ጣለችው። በ2023 ኦሃዮ መብቱን በሕገ መንግሥቷ ውስጥ አስገባች። በሁለቱም ቦታ የኔ ወገን ተሸነፈ። አዝኛለሁ፣ ምክንያቱም የፅንስ ሕይወት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ግን አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» ይሉ የለ? በሕዝብ ድምፅ ስሸነፍ በሚቀጥለው ጊዜ ጎረቤቴን ለማሳመን ዕድል አለኝ። በዳኛ ብዕር ስሸነፍ ማንን ነው የማሳምነው?

አሁን ወደ ራሴ ወገኖች ልምጣ። በ2023 ፍርድ ቤቱ የፕሬዚዳንት ባይደንን 400 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚሆን የተማሪ ብድር ስረዛ 6 ለ 3 ሲያግደው አጨበጨብን። ኮንግረስ ሳይፈቅድ ይህን ያህል ገንዘብ ፕሬዚዳንት ብቻውን አይሰርዝም ተባለ። ትክክል ነው። ታዲያ ያ ገደብ እኛ የመረጥነው ፕሬዚዳንት ትእዛዝ ሲፈርም ለምን ይላላል? በመጋቢት 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ስደተኞችን የማባረር በረራ ያገደው ዳኛ ከሥልጣኑ ይነሳ ሲሉ፣ ከእኛ ብዙዎች ደገፏቸው። ዋና ዳኛ ጆን ሮበርትስ ግን ያን ቀን መግለጫ አወጡ። በውሳኔ ካልተስማማችሁ ይግባኝ በሉ፣ ዳኛ ማንሳት መልሱ አይደለም ነው ፍሬ ነገሩ። ሮበርትስን የሾሟቸው ሪፐብሊካኑ ልጅ ቡሽ ናቸው። ይህ አዲስ ወግም አይደለም። በ1805 የፕሬዚዳንት ጄፈርሰን ፓርቲ ሳሙኤል ቼዝ የተባለውን ዳኛ በፖለቲካው ጠልቶ ለማንሳት ሲሞክር፣ ሴኔቱ የራሱ የጄፈርሰን ፓርቲ ሰዎች የበዙበት ሆኖ ሳለ ነፃ ለቀቀው። ወግ አጥባቂ ነኝ የሚል ሰው ይህን ወግ ካልጠበቀ ምኑን ነው የሚጠብቀው?

በሌላ በኩል በ2021 አንዳንድ ዴሞክራቶች የዳኞቹን ቁጥር ከ9 ወደ 13 እናድርገው ብለው ረቂቅ አቅርበው ነበር። ያም ያው ነው። ከ1869 ጀምሮ ዘጠኝ ነው፣ በዘጠኝ ይቆይ።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ኮንግረስ ነው። ሥራውን ትቶታል። ብዙዎቻችን ሐበሾች፣ እኔን ጨምሮ፣ ወደዚህ አገር የገባንበት ዲቪ ከዳኛ ወይም ከፕሬዚዳንት ትእዛዝ የመጣ አይደለም። በ1990 ኮንግረስ አውጥቶት፣ ሪፐብሊካኑ አባት ቡሽ ፈርመውበት ሕግ የሆነ ነው። ሁለቱ ፓርቲዎች ያኔ ቁጭ ብለው ተነጋግረዋል። ከዚያ ወዲህስ? በልጅነታቸው መጥተው ወረቀት ያላገኙ ወጣቶች ጉዳይ ኮንግረስ ውስጥ አላልቅ ሲል፣ በ2012 የኦባማ አስተዳደር እነሱን ለጊዜው ከመባረር የሚያስጥለውን ዳካን በመመሪያ ጀመረው። ትራምፕ ሊያቆሙት ሲሉ በ2020 ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 አስቆማቸው። እነዚያ ልጆች አሁን ሥራ ይዘዋል፣ ወልደዋል፣ ግን ኑሯቸው በየጊዜው ከአንድ መዝገብ ወደ ሌላ መዝገብ ነው። ድንበር መጠበቅ አለበት ብዬ አጥብቄ አምናለሁ። ቢሆንም ሰው ዕድሜውን በሙሉ የዳኛ ፊት እያየ እንዲኖር ማድረግ ጨዋነት አይደለም።

ለወረዳዬ የኮንግረስ ተወካይ ይህንኑ ጽፌ ልኬላቸዋለሁ። የራሴው ፓርቲ ሰው ናቸው። የዳካን ጉዳይ ከዳኞች እጅ አውጥታችሁ ድምፅ ስጡበት፣ አዎም ሆነ አይ በስማችሁ ይመዝገብ አልኳቸው። የመጣልኝ መልስ ስለ ጻፍኩላቸው ያመሰግነኛል፤ ስለ ጥያቄው ምንም አይልም። ደግሜ እጽፍላቸዋለሁ።

አንድ አንባቢያችሁ