ግራሩን እስከ ግንቦት መጨረሻ ተዉልን

ይድረስ ለተከበራችሁ አዘጋጆች፣

ስለ ሐዋሳ መዝናኛዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ነው። ሐይቁ አለ፣ ጥሬ ዓሣው አለ፣ ጉሬዛው አለ። ስለ ወፍ ያለው ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ እሱም ስለ አባ ኮዳ። አልተቀየምኩም። አባ ኮዳ እኮ ልለፈው ቢባልም የማይታለፍ ወፍ ነው። አሞራ ገደል በሚባለው የዓሣ ገበያ ዓሣ ሲበለት ሰው መሀል ቆሞ አንጀት ይጠብቃል። ራሱ መላጣ፣ ኮዳው አንገቱ ላይ የተንጠለጠለ። ፎቶ ላንሳህ ቢሉት ንቅንቅ አይልም።

እኔ የምጽፍላችሁ ከእሱ በላይ፣ ቅጠል ውስጥ ስላሉት ትንንሽ ተጓዥ ወፎች ነው። አንድ ልመናም አለኝ።

መጋቢት ሲገባ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሐይቁ ዳር ካሉት ግራሮች ስር እቆማለሁ። አንገቴን ሰቅዬ ነው የምቆመው። ባለቤቴ ‹‹ዳቦ ግዛ ብዬ ብልከው ወፍ ቆጥሮ ይመጣል›› ትላለች፤ እውነቷን ነው። ባለፈው ጊዜ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ መጥቶ ‹‹ጋሼ፣ ምን ጠፋብዎት?›› አለኝ። ወፍ እያየሁ ነው አልኩት። ‹‹ወፉማ እዚያ ጋ ነው›› ብሎ አባ ኮዳዎቹን ጠቆመኝ።

ባይኖኩላሩን ሰጠሁት። ለማግኘት ትንሽ ተቸገረ። ከዚያ አያት። ጀርባዋ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ፣ ደረቷ ፈዘዝ ያለ ቢጫ፣ ከዓይኗ በላይ በእርሳስ የተሰመረ የሚመስል ነጭ መስመር ያላት። ከግራሩ ቅጠል ስር ትል ለቅማ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ትዘላለች፤ አንድ ቦታ ሁለት ሰከንድ አትቆይም። ‹‹ይቺማ ድምቢጥ ናት›› አለ። አይደለችም አልኩት። እንግሊዞች ዊሎው ዋርብለር ይሏታል። ክብደቷ 9 ግራም አካባቢ ነው፤ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ማለት ነው። ከዚህ ተነስታ ሰሜን አውሮፓና ሩስያ ትሄዳለች ስለው ቀና ብሎ አየኝና ‹‹በምን?›› አለ።

እኔም ስጀምር የጠየቅኩት ይህንኑ ነው። መልሱ ግራሩ ላይ ነው ያለው። አውሮፓውያኑ ጸደይ የሚሉት ጊዜ ለእኛ በልግ ነው። የበልግ ዝናብ ጠብ ሲል ግራሩ ያቆጠቁጣል፣ ለጋውን ቅጠል ትሉና ነፍሳቱ ይወሩታል። ወፏ ያንን በልታ ስብ ታጠራቅማለች። ስቡ ነዳጇ ነው። ከፊቷ የሚጠብቃት በረሃና ባሕር ነው፤ እዚያ መሀል ማደያ የለም። ሳትሞላ ከተነሳች መንገድ ላይ ትቀራለች።

ከመሄዷ በፊት ደግሞ ትዘፍናለች። አገሯ ገብታ የምትዘፍነውን እዚሁ መለማመድ ትጀምራለች። ዜማው ከላይ ይጀምርና ደረጃ እንደሚወርድ ልጅ እየተንጠባጠበ ወደ ታች ይወርዳል። የባጃጁ ጩኸት ከመጀመሩ በፊት ካልሆነ አይሰማም።

የሚገርመው ጊዜዋን ማወቋ ነው። የእኛ ቀንና ሌሊት ከክረምት እስከ በጋ ብዙም አይለያይም፤ ታዲያ ሰሜን እንደሞቀ ማን ነገራት? በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኤበርሃርድ ግዊነር የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ እነዚሁን ወፎች 12 ሰዓት ብርሃን፣ 12 ሰዓት ጨለማ በሆነ ክፍል ውስጥ አቆያቸው። ወቅት የሚባል ነገር አያዩም። ሆኖም መሄጃቸው ሲደርስ ሌሊት ሌሊት ይቅበጠበጡ ጀመር። የቀን መቁጠሪያው ውስጣቸው ነው ማለት ነው።

ትልልቆቹ ለየት ይላሉ። ሽመላና ንስር ክንፍ ማራገብ አይወዱም፤ ምድር ሞቃ አየሩ ወደ ላይ እስኪነሳ ይጠብቃሉ። 4 ሰዓት ካለፈ በኋላ ታቦር ተራራ ላይ ወጥታችሁ ሰማዩን ብታዩ አንዳንድ ቀን እየተሽከረከሩ ሲወጡ ታገኟቸዋላችሁ። ስምጥ ሸለቆውንና ቀይ ባሕርን ይዞ በሚሄደው በዚህ መስመር ከ1.5 ሚሊዮን በላይ እንዲህ ያሉ አንሳፋፊ ወፎች በየዓመቱ ይመላለሳሉ። በዓለም ሁለተኛው ትልቁ መስመራቸው ነው። እኛ ደግሞ ስሩ ቁጭ ብለን ቡና እንጠጣለን።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። አምና ሚያዝያ ውስጥ ቅዳሜዬን ጠብቄ ስሄድ የሞተር መጋዝ ድምፅ ተቀበለኝ። የየትኛው መሥሪያ ቤት ሠራተኞች እንደሆኑ አልጽፍም፤ ታዘው ነው የመጡት። ሁለት ትልልቅ ግራሮችን ቅርንጫፋቸውን ጨርሰው አውርደው ግንዱን ብቻ አስቀርተዋል። ለምን ስላቸው ‹‹ለጽዳት ነው፣ ቅጠል ይበዛል›› አሉኝ። የወደቀውን ቅርንጫፍ ጎንበስ ብዬ አየሁት። ከቅጠሉ ስር አረንጓዴ ትሎች ገና ይንቀሳቀሱ ነበር። ሦስት አራት ወፎች መጥተው ባዶው ግንድ ላይ ዞሩ፣ አንዷ መሬት ወርዳ ከተከመረው ቅርንጫፍ ላይ ትንሽ ለቀመች። ከሰዓት በኋላ አይሱዙ መጥቶ ክምሩን ጫነው። በቀጣዩ ቅዳሜ እዚያ ቦታ አንድም አላየሁም።

ዛፍ አይነካ አላልኩም። የመብራት ሽቦ የነካ ቅርንጫፍ ይቆረጥ፤ የደረቀውም ሰው ላይ ከሚወድቅ ይውረድ። ለጽዳት የሚደረገው ግን ለምን በመጋቢትና በሚያዝያ? ያውም በሲዳማ ከተማ! የሲዳማ ዘመን መለወጫ የሆነው ፍቼ ጨምበላላ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ ሲመዘገብ እኮ የጎሳ መሪዎች በበዓሉ ከሚያስተምሩት አንዱ አገር በቀል ዛፍ እንዳይቆረጥ መሆኑ አብሮ ሰፍሯል። የበዓሉን ቀን የሚቆርጡት ኮከብ ቆጣሪዎች፣ አያንቶዎቹም፣ ሌሊት ኮከብ አይተው ነው። ያቺ 9 ግራም ወፍ የምትሄደውም ሌሊት ነው፤ አቅጣጫዋን ከምትለይባቸው ነገሮች አንዱ ኮከብ ነው።

ስለዚህ ጽሑፌ ለሚመለከተው እንዲደርስልኝ በዓምዳችሁ አውጡልኝ። ሐይቁ ዳር ያሉ ግራሮችና ሾላዎች ከመጋቢት እስከ ግንቦት መጨረሻ መጋዝ አይንካቸው። ከዚያ በኋላ የሚከረከመው ይከርከም፤ የአገር ወፎቹም ጎጆ ስላላቸው አስቀድሞ ቀና ብሎ የሚያይ ሰው ይመደብ። ሰው ከጠፋ እኔ ቅዳሜ ጠዋት እዚያው ነኝ፤ የጥበቃ ሠራተኛውም አሁን ከእኔ ቀድሞ ያገኛቸዋል።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከሐዋሳ